ያጋደምኩት ብርጭቆ

ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ 2018 ነው። ጸደይ ገብቷል ይባላል እንጂ በረዶው ገና ከመንገድ ዳር አልተነሣም ነበር። የዐቢይ ጾም ተጋምሷል። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ በማግስቱ ገብር ኄር ይውላል።

የዚያን ቅዳሜ ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴ በስልክ አልነገርኳትም። ለልጄ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ልናገር ሁለት ጊዜ ሄጄ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ተናግሬ ተመለስኩ። እናንተን አላውቃችሁም። አፌ የተፈታው ለዚህ ይሆናል።

ጥፋቴ አጭር ነው። አንድ ብርጭቆ አጋደምኩ። ውሃ ያለበትን ብርጭቆ፣ አውቄ፣ በገዛ እጄ አጋደምኩ። ሌላው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

ኤልመር የሚባሉ ሽማግሌ እንከባከብ ነበር። ዌስት ሴንት ፖል በምትባል ከተማ፣ ሮበርት ስትሪት ከሚባለው መንገድ ገባ ብላ ባለች ትንሽ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ሚስታቸው ሞተዋል። ሊንዳ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ የኔ እኩያ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። እኔ ከእሑድ በቀር በየቀኑ ጠዋት እገባለሁ። ቁርስ እሠራለሁ፣ መድኃኒት አስታውሳለሁ፣ ገላቸውን አጥባለሁ። ከዚያ በፊት ሻኮፒ በሚባል ሌላ ከተማ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሳነሣ ወገቤ ተጎድቶ ነበር። ሜሮንን የማሳድገው ብቻዬን ነው፤ ያን ጊዜ አሥር ዓመቷ ነበር። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት የምገኝበት፣ ወገቤንም የማይጎዳ ሥራ እግዚአብሔር ሰጠኝ። ተመስገን አልኩ። በየጠዋቱ የኤልመርን በር ስከፍት ተመስገን እል ነበር።

ኤልመር የድሮ የቤዝቦል ካርድ ይሰበስባሉ። ቤዝቦል አንዱ ኳስ የሚወረውርበት፣ ሌላው በዱላ የሚመታበት ጨዋታ ነው። ካርድ ስል የቁማር ካርታ አይደለም። መዳፍ የምታህል ወፍራም ወረቀት ናት፤ ፊቷ ላይ የተጫዋቹ ሥዕል፣ ጀርባዋ ላይ የተጫወተባቸው ዓመታትና ያገኘው ውጤት በደቃቅ ፊደል ታትሞባታል። ብዙ ሣጥን ካርድ ነበራቸው። ሁለቱ ግን ሣጥን አይገቡም። መስኮቱ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ይውላሉ።

አንደኛውን ረጅሙ እለዋለሁ፤ ኳስ ወርዋሪ ነው። ካርዱ በጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ታሽጓል። የመጀመሪያ ዓመቱ ካርድ ስለሆነ ጀርባው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛውን ግራኙ እለዋለሁ፤ በግራ እጁ ነው የሚመታው። የሱ ካርድ የመጨረሻ ዓመቱ ነው፤ ጀርባው ከላይ እስከ ታች ጢም ብሎ ሞልቷል። ፕላስቲክ የለውም። ኤልመር በጣታቸው መዳሰስ ይወዱ ነበር።

በገባሁ ሰሞን ሁለቱን አሳዩኝና "ማንን ትመርጫለሽ፣ አስካ?" አሉኝ። አስካለ ማለት አቅቷቸው ነው።

"ረጅሙን" አልኩ።

"ለምን?"

"ፕላስቲክ ውስጥ የተቀመጠው እሱ ነዋ።"

እስኪያስላቸው ሳቁ። "አንቺም እንደ ገበያተኛው ሁሉ ነሽ!"

ከዚያ አስረዱኝ። ረጅሙ ጥቂት ዓመት እንደ መብረቅ ወረወረ፤ ወዲያው ትከሻው ተጎዳና ቀረ። ሲደክም ያየው ሰው የለም። ስለዚህ በሰው ልብ ውስጥ ሁልጊዜ ወጣት ነው፤ ካርዱንም ሁሉም ይመኘዋል። ግራኙ ግን እስኪሸብት ድረስ ተጫወተ። መጨረሻ ላይ ኳሷ ታመልጠዋለች፣ እግሩ አይታዘዘውም፣ ተመልካቹ ይጮኽበታል። ሰው የሚያስታውሰው ያንን ብቻ ነው። "እስቲ ጀርባውን አንብቢ" ይሉኛል ኤልመር። አነባለሁ። በዚህ ዓመት ታሞ ጥቂት ተጫወተ። በዚህ ዓመት ተመለሰ። በዚህ ዓመት ወደ ሌላ ቡድን ሸጡት። ዝቅ ይላል፣ ከፍ ይላል፣ ግን አንድም ዓመት አልቀረም።

"ሰው የሚመኘው ባዶውን ጀርባ ነው" አሉኝ። "ምን ሊሆን ይችል ነበር እያለ ያልማል። የሆነውን ማንበብ ይሰለቸዋል። ደክሞ እስኪታይ ድረስ መቆየት ድፍረት እንደሚጠይቅ አያውቅም።"

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ማንን እንደምመርጥ ይጠይቁኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ላናድዳቸው ብዬ ረጅሙን እላለሁ። አንድ ቀን ድሮ በጨዋታ ላይ አላግባብ ስለ ፈረደ አንድ ዳኛ እያወሩ በጣም ተቆጡ። በዱላ ኳስ መምታት ስለሆነ እኔ የገና ጨዋታ አስመስዬው ነበርና፣ "እኛ አገር በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል" አልኳቸው። ተርጉሜ ስነግራቸው ጊዜ ወስደው አሰቡበት።

"የናንተ ጌታ ያን ዳኛ ስላላየው ነው!" አሉ።

ሌላም ነገር ነበረን። መጀመሪያ ሰሞን አዎ ለማለት ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስስብ ይደነግጡ ነበር። እኛ ሁላችን እንደምናደርገው ነው፤ እኔ እንደማደርገው እንኳ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን "አይጥ አየሽ እንዴ?" ብለው እግራቸውን አነሡ። አዎ ማለት እንደሆነ ስነግራቸው ደስ አላቸው። ተለማመዱት። ሻይ ይጠጣሉ ወይ ስላቸው ትንፋሻቸውን ስበው ይመልሱልኛል፤ ከዚያ ሁለታችን እንስቃለን።

የግራኙ ካርድ ላይ ፊርማ ነበረበት። ኤልመር ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር ጨዋታ ሊያዩ ሄደው፣ ግራኙ ሲወጣ በአጥሩ በኩል ካርዱን ሰጡት። በአባታቸው የቀለም ብዕር በግራ እጁ ፈረመላቸው። ቀለሙ እንዳይፈስ እፍ፣ እፍ ብሎ አድርቆ መለሰላቸው። "እኔን አላየኝም፤ ቀለሙ ግን እንዲደርቅልኝ ቆመ" ይሉ ነበር። ይህን ታሪክ በነገሩኝ ቁጥር እንደ አዲስ እሰማ ነበር። ሰማያዊ ቀለም ነበር። ደብዝዟል፤ ግን ይነበባል።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልምጣ።

ኤልመር መርሳት ጀምረው ነበር። ሐኪሙ ተናግሯል፤ ሊንዳም ታያለች። ምድጃ ላይ ድስት ይረሳሉ፤ የሚስታቸውን መሞት አንዳንዴ ይረሳሉ። ሊንዳ መርሳት የሚያጠቃቸው አረጋውያን የሚጠበቁበት ቤት ልታስገባቸው ታስብ ነበር፤ አልቆረጠላትም። ክፉ ልጅ አልነበረችም። ቅዳሜ ስትመጣ የግራኙን ካርድ አንሥታ ጀርባውን በመዳፏ እየሸፈነች ዓመት እየጠራች ትጠይቃቸዋለች። ኤልመር የዚያን ዓመት ነገር ሁሉ ይመልሳሉ። አንድም አይስቱም። ሊንዳ እጇን ታነሣና ትስማቸዋለች። ዋሳቸው ያ ካርድ ነበር። ያንን እስካወቁ ድረስ ቤታቸው ይቆያሉ።

በዚያ ሳምንት በአረጋውያኑ ቤት ክፍል ተገኘ። እስከ ሰኞ መልስ ስጪ ተባለች ሊንዳ። ቅዳሜ መጥታ ለመጨረሻ ጊዜ በካርዱ ልትጠይቃቸው ነው። ኤልመር ያውቁ ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ ድምፃቸው ተቀይሯል።

እኔም ፈራሁ። ለማን ፈራሁ? ለሳቸው ነው እል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ኤልመር ከሄዱ ሥራዬም ይሄዳል፤ ወደ መጋዘን ልመለስ ነው፤ ሜሮን በሩን በራሷ ቁልፍ ከፍታ ባዶ ቤት ልትገባ ነው። የቱ ፍርሃት ይበልጥ እንደነበረ አላውቅም። እግዚአብሔር ያውቃል። እሱ ማወቁም ያስፈራኛል።

ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁት ጸበል ነበረኝ። ቅዳሜ ጠዋት በትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቀንሼ ነጠላዬን ደርቤ በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። ቤታቸውን ልረጭላቸው ነው፤ ክፉ ነገር እንዲርቅ፣ ሊንዳም ልቧ እንዲራራ። ከልቤ ነበር። ግን ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። አስታማሚ ወደየቤቱ የሚልከው ኤጀንሲ ሲቀጥረኝ በሰው ቤት የራስን ሃይማኖት ሥርዓት መፈጸም እንደማይቻል ነግሮኛል። አንዲት የአገሬ ልጅ ለምትንከባከባት ባልቴት ጸበል አጠጥታ ከሥራ ተባርራ ነበር። ምን እንደሆነ ያልታወቀ ውሃ፣ ስም ባልተጻፈበት ጠርሙስ፣ መድኃኒት ለምትወስድ በሽተኛ! እንዲህ ነበር የተባለው። እየፈራሁ ያዝኩት።

ኤልመር ቁርስ በልተው መስኮቱ አጠገብ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሁለቱ ካርዶች ፊት ለፊታቸው ናቸው። መድኃኒት የሚውጡበት ውሃ በብርጭቆ እንደ ልማዳቸው የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል። ካርድ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ውሃ አያስቀምጡም ነበር። እንግዳ እንኳ ቡና ይዞ ቢጠጋ "ወዲያ!" ይሉታል። ይህ በቤቱ የታወቀ ሕግ ነው። እኔም አውቀዋለሁ።

ነጠላዬን ተከናንቤ አባታችን ሆይ ደገምኩ። ማዕዘኖቹን ረጨሁ። አልጋቸውን ረጨሁ። ወንበራቸው ጋ ደርሼ በጣቴ ጠብ ላደርግባቸው ስል የመኪና ድምፅ ሰማሁ። ሊንዳ ናት። ከሰዓቷ ቀድማ መጣች። ክዳኑን ልፈልግ ዞርኩ፤ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። እኔ ነኝ ያኖርኩት። ሕጉን የማውቀው እኔ። የነጠላዬ ጫፍ ይዞት ዞረና ወደቀ።

ውሃው ግራኙ ላይ ፈሰሰ።

የወጥ ቤት ወረቀት እጄ አጠገብ ነበር። በሱ ጫን አድርገው ቢያነሡት ውሃውን ይመጠው ነበር፤ ኋላ ነው ያወቅሁት። ግን ጸበል ነው። በወረቀት ጠርጌ ቆሻሻ ውስጥ እጥለዋለሁ? እጄ እምቢ አለ። በነጠላዬ ጠረግሁት። ጥጥ ነው፤ አሸሁት። ቀና ስል ሰማያዊው ቀለም ነጠላዬ ላይ ነበር። ካርዱ ላይ ስም የለም። ግራኙ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ያየኛል፤ እግሩ ሥር የነበረው ስሙ ግን ጭቃ የመሰለ ጭረት ሆኗል።

የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማሁ።

እዚህ ላይ ሰው ምን ያደርጋል? በር ከፍቶ "ሊንዳ፣ ይቅርታ፣ ጥፋት ሠራሁ" ይላል። ለዚህ ጊዜ ነበረኝ። አላልኩም። ጠርሙሱንና ነጠላውን ቦርሳዬ ውስጥ ወሸቅሁ። ከመስኮቱ ደፍ ላይ የኤልመርን ብርጭቆ አነሣሁ። ጠረጴዛው ላይ፣ እንቅልፍ ላይ ያለ እጃቸው አጠገብ አስቀመጥኩት። ከዚያ በጣቴ ገፋ አድርጌ አጋደምኩት። ውሃው በውሃው ላይ ሄደ። እጅጌያቸውን አራሰው። አልነቁም።

እኔ ነኝ። በጾም። የእመቤቴ ስም ገና ከአፌ ሳይደርቅ።

ሊንዳ ገብታ አየች። "ኦ፣ ዳድ" አለች። ኤልመር ነቁ። መጀመሪያ እጅጌያቸውን፣ ቀጥሎ ካርዱን አዩ። ካርዱን አንሥተው ወደ ብርሃኑ አስጠጉት። ቀስ ብለው፣ ጥርት ባለ ድምፅ "እኔ ውሃ ከካርድ አጠገብ አላስቀምጥም" አሉ።

"አውቃለሁ፣ ዳድ። ግን ይኸው።"

"መስኮቱ ጋ ነው ያስቀመጥኩት። አስታውሳለሁ።"

"እሺ። ምንም አይደለም።"

"እሺ አትበይኝ! አስታውሳለሁ አልኩሽ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው በራ። "አስካ እዚህ ነበረች። አስካን ጠይቂያት። አስካ፣ እኔ ነኝ ያፈሰስኩት?"

የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር። አእምሯቸው በዚያች ሰዓት ከኔም ከሊንዳም አእምሮ የጠራ ነበር። ምስክር ፈለጉ፤ እኔን ጠሩ። በቤቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ የሚያምኑት እኔን ነበር።

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ።

ሊንዳ አልገባትም። "ምን አለች?" ብላ እሳቸውን ጠየቀች።

ኤልመር ትኩር ብለው አዩኝ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ያየሁት ፍርሃት ነው፤ ወለሉ ከእግሩ ሥር እንደከዳው ሰው።

"አዎ ማለቷ ነው" አሏት። በገዛ አፋቸው ተረጎሙላት። "አስካ አትዋሽም። አይታ ከሆነ፣ አድርጌዋለሁ ማለት ነው።"

ሊንዳ ካርዱን ከእጃቸው ወስዳ ጀርባውን ሸፈነች። አንድ ዓመት ጠራች። ኤልመር ያውቁት ነበር፤ ስንት ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ። "እንዲህ ይመስለኛል… ግን እርግጠኛ አይደለሁም" አሉ። ሌላ ዓመት ጠራች። "እርግጠኛ አይደለሁም" አሉ። እርግጠኛነታቸውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሊንዳ ሦስተኛውን አልጠየቀችም። ወደ ወጥ ቤት ሄዳ ስታለቅስ ሰማኋት። እኔ ጠረጴዛውን ጠረግሁ። በወረቀት ጠረግሁት።

ሰኞ ክፍሉን ተቀበለች። በዚያው ሳምንት ሄዱ። ሁለት ጊዜ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ካርዶቹ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ፤ አያወጧቸውም። በሚቀጥለው ክረምት፣ ትልቁ በረዶ በወረደ ሰሞን አረፉ። ቀብራቸው ሄድኩ። የግራኙን ካርድ ሊንዳ ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ አድርጋላቸው ነበር፤ ጫፉ ይታያል። አቀፈችኝና "እንዳንቺ የተንከባከበው የለም" አለችኝ። ምን መለስኩ? አመሰግናለሁ አልኩ።

ኤጀንሲው ሌላ ሥራ ሰጠኝ። ወደ መጋዘን አልተመለስኩም። የፈራሁት አንዱም አልደረሰብኝም፤ ሁሉም የደረሰው በሳቸው ላይ ነው። ነጠላውን ስንት ጊዜ አጠብኩት። ቀለሙ ገረጣ እንጂ አልለቀቀም። ለብሼው አላውቅም፤ ልጥለውም አልቻልኩም።

አምና ሮበርት ስትሪት አንድ ሱቅ ውስጥ ሊንዳን አየኋት። ቲማቲም እየመረጠች ነበር። ጋሪዬን ትቼ ወጣሁ። የንስሐ አባቴን የሸሸኋቸውም ለዚህ ነው። እሳቸው ሰግደሽ ጹሚ ብቻ ቢሉኝ ኖሮ ድሮ በተናገርኩ። "ሄደሽ ለልጃቸው ንገሪያት" እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነው።

አሁን ለምን ተናገርሽ ትሉኝ ይሆናል። ሜሮን አድጋለች። ባለፈው ወር "ማሚ፣ ስቶቩን ሳታጠፊ ወጣሽ" አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ቁልፌን ፍሪጅ ውስጥ አገኘችው። እኔ አላስቀመጥኩትም አልኳት። አላስቀመጥኩትም! አስታውሳለሁ! "ኦኬ፣ ማሚ፣ ኢትስ ኦኬ" አለችኝ። ሊንዳ ኤልመርን ያየችበትን ዓይን በልጄ ፊት ላይ አየሁት። በሰፈሩበት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላሉ። ቁናዬን አወቅሁት።

ምናልባት ድካም ነው። ምናልባት ሜሮን ራሷ ነች ያስቀመጠችው። እኔ እንግዲህ ማንን ምስክር እጠራለሁ? አንድ ሰው በሐሰት ቢመሰክርብኝስ፣ አላደረግሽም የሚለኝ ማነው?

ጸበሉ አላጠፋም። ጸበሉ ጸበል ነው። ድንግጥ ብዬ ነው እንዳልል ብርጭቆውን ከደፉ እስከ ጠረጴዛው ተሸክሜዋለሁ፤ በዚያ መሐል ልመልሰው እችል ነበር። ለልጄ ብዬ ነው እንዳልል ሊንዳም ልጅ ናት፤ እሳቸውም አባት ናቸው። ነገ ለሊንዳ እነግራታለሁ ብዬ ብጽፍ ደግ ሰው እመስላችኋለሁ። እስካሁን ስላልነገርኳት አልጽፈውም። ኤልመርን ይቅር በሉኝ ልል አልችልም፤ የሉም። ለምኑልኝ ብቻ እላችኋለሁ። እንዳልፈራ ሳይሆን ከምፈራው ነገር ፊት እንድቆም ለምኑልኝ።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል። ከሁሉ የሚከብደኝ ስለሆነ ወደ መጨረሻ ገፋሁት።

በማግስቱ ገብር ኄር ነበር። እሑድ ሥራ ገብቼ አላውቅም። ሊንዳ ግን ቅዳሜ ማታ ደወለችና ብቻቸውን መተው እንደፈራች ነገረችኝ። እሺ አልኩ። ቤተ ክርስቲያን የታማኙ አገልጋይ ወንጌል ሲነበብ እኔ የኤልመርን በር ከፈትኩ። ተመስገን ማለት አቃተኝ።

መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ባዶ ነው። ወጥ ቤት ሊንዳ ገዝታ የተወችልኝ ኩባያ ነበር፤ ፕላስቲክ፣ ሁለት ጆሮ፣ ክዳን ያለው፣ ሕፃናት የሚጠጡበት ዓይነት። ከዛሬ ጀምሮ ውሃ በዚህ ብቻ ብላኛለች። ገንፎአቸውን ሠራሁ። መድኃኒታቸውን ቆጠርኩ። ኩባያውን ሞላሁት፤ ክዳኑን ጠምዝዤ አጠበቅሁት፤ ፊታቸው አስቀመጥኩት።

ኩባያውን አዩት። ለምን ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጠይቁኝ እናገር ነበር፤ እንደዚያ እላለሁ ለራሴ። ማንን ትመርጫለሽም አላሉኝም። በሁለት እጃቸው አንሥተው ጠጡ። ጠብ ያለ ነገር እንዳለ ለማየት ሸሚዛቸውን በእጃቸው ዳሰሱ፤ ደረቅ ነበር።

"አመሰግናለሁ፣ አስካ" አሉኝ።

ኩባያውን ተቀበልኳቸውና እንዳይላላ ክዳኑን እንደገና አጠበቅሁት።